ከፕሮ ካሜራ የመጣ ፋይል በቤት ላፕቶፕ አልከፈት ሲል፦ የደሴው ልጅ ጥያቄና የተከተለው ውይይት

መነሻው ጽሑፍ

ጠያቂው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ቤቱ ሆኖ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ነው። ኒካው ኮምቦልቻ፣ ድግሱ ደሴ የሆነ ሰርግ መጥቶለታል። ካሜራማኑ ከወትሮው በተለየ በሁለት ትልልቅ ካሜራዎች ቀርጿል። አንዱ ከአዲስ አበባ የተከራየው ባለ ኤክስ ኪው ዲ ካርድ ሶኒ ነው፤ ሌላው ቀድሞ ለቴሌቪዥን ሥራ ያገለገለ፣ ፒ ቱ በሚባል ካርድ ላይ የሚቀርጽ የፓናሶኒክ ካሜራ። ፋይሎቹ በሃርድ ዲስክ ተገልብጠው ሲመጡ የሁሉም ስም መጨረሻ ኤም ኤክስ ኤፍ ይላል። የሶኒዎቹን ልጁ የለመደው ለቤት ተጠቃሚ የተሠራ ሶፍትዌር ጭራሽ አይቀበላቸውም። የፓናሶኒኮቹ ቪ ኤል ሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ሲከፈቱ ምስል አላቸው፣ ድምፅ የላቸውም። የፋይሎቹን ስም መጨረሻ ወደ ኤም ፒ ፎር ቀይሮም ሞክሯል፤ የተለወጠ ነገር የለም። እና ላፕቶፕ መቀየር አለበት ወይስ ሥራውን ይመልስ? ከጥያቄው ሥር አንድ ድምዳሜም አስፍሯል፦ ፕሮ ካሜራ ለእኛ የቤት ኤዲተሮች አልተሠራም።

ይህን የመድረካችንን ክር፣ ማለትም የጥያቄና የመልስ ሰንሰለት፣ የምተርከው በዚያ ድምዳሜ ስለማልስማማ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ እንዲህ ያለ ፋይል ሲገጥማቸው ሥራውን ለሌላ አሳልፈው የሚሰጡት መንገዱን የሚያሳያቸው ስላጡ ነው።

1ኛ መልስ

ኮምቦልቻ ፎቶ ቤት ያላት ሴት ናት። ሰላምታዋን አድርሳ፣ አብሽር ብላው ጀመረች። ስማቸውን የቀየራቸውን ፋይሎች ሳይደባለቁበት ወደ ነበሩበት እንዲመልስ መከረችው። የስም መጨረሻ መለወጥ የፋይሉን ውስጥ አይነካም፤ ይልቁንም በኋላ ሌላ ፕሮግራም ፋይሉን በስሙ ሲፈልገው ያጣዋል። ቀጥላ ሚዲያኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዶ አንድ የሶኒ ፋይል እንዲያሳየውና የሚወጣውን እንዲለጥፍ ጠየቀች። ትክክለኛው አጀማመር ይህ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ግምት ብቻ ነው።

2ኛ መልስ

አዲስ አበባ ማስታወቂያ እሠራለሁ ያለ ሰው ሰላምታም ሳያስቀድም ሥራውን እንዲመልስ ነገረው። እንደ እሱ አነጋገር የፕሮ ፋይል የሚነካው ፕሮ ሶፍትዌርና 64 ጊጋ ራም ያለው ሰው ብቻ ነው፤ የሰው ሰርግ ደግሞ የማይደገም ስለሆነ መለማመጃ አይደረግም። ሰርግ አይደገምም ያለው እውነት ነው። የቀረው ግን ወጣትን ከሙያው የሚያስወጣ አነጋገር ነው፤ ከታች እንደሚታየው ልክም አልነበረም።

3ኛ መልስ

ጠያቂው የሚዲያኢንፎውን ውጤት ለጠፈ። ኮዴኩ (ምስሉ የታመቀበት ዘዴ) ኤክስ ኤ ቪ ሲ ኢንትራ፣ መጠኑ 3840 በ2160፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ 10 ቢት፣ 4:2:2፣ ወደ 250 ሜጋቢት በሰከንድ፣ አራት የድምፅ ቻናል።

4ኛ መልስ

ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወጣት ረጅም ማብራሪያ ጻፈ። ኤም ኤክስ ኤፍ ጆንያ ነው፣ ኮዴኩ እህሉ። ጤፍም በቆሎም በአንድ ዓይነት ጆንያ ተጭኖ ገበያ ይወርዳልና ጆንያውን ብቻ አይቶ እህሉን መናገር አይቻልም። ጆንያው እ.ኤ.አ. በ2004 በተንቀሳቃሽ ምስልና በቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ የወጣለት ነው፤ ታስቦ የተሠራውም የተለያዩ ጣቢያዎችና ማሽኖች ፋይል እንዲለዋወጡበት ነው። እህሉን፣ ማለትም ኤክስ ኤ ቪ ሲን፣ ሶኒ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን ከኤች 264 ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ስልክም የሚቀርጸው በዚሁ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ስልኩ አንድ ሙሉ ምስል አስቀምጦ ለሚቀጥሉት ለውጡን ብቻ ይመዘግባል፤ ኢንትራው እያንዳንዱን ፍሬም ራሱን ችሎ ያስቀምጣል። 8 ቢት ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ሲሰጥ 10 ቢት 1024 ይሰጣል፤ 4:2:2 ደግሞ ከተለመደው 4:2:0 እጥፍ የቀለም መረጃ ይይዛል። ለቤት የተሠሩ ብዙ ሶፍትዌሮች የታሰቡት ለ8 ቢት 4:2:0 ስለሆነ ይህን ሲያዩ ይቆማሉ።

ወጣቱ ሒሳቡንም ሠራለት። 250 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 31 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በሰዓት 112 ጊጋባይት ይሆናል። በአሮጌ ዩ ኤስ ቢ 2 ሃርድ ዲስክ ላይ ቢንተፋተፍ ጥፋቱ የገመዱና የዲስኩ እንጂ የላፕቶፑ አንጎል ላይሆን ይችላል። እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ በመሆኑም ይህን ፋይል መፍታት ከአንዳንድ ትንንሽ ካሜራዎች ኤች 265 ይልቅ ለፕሮሰሰሩ ሊቀል ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ፋይሉ ገዝፎ ስለሚታይ ብቻ ከባድ ይመስለዋል።

5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ መልስ

5ኛው አጭር ነው፦ ሹተር ኢንኮደር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫን፣ ሪራፕ የሚለውን ይምረጥ፣ ያልቃል። ጠያቂው በ6ኛው ሞክሮ ተመለሰ፤ አሁን ሶፍትዌሩ ፋይሉን ይቀበላል፣ ድምፅም ይሰማል፣ ምስሉ ግን ጥቁር ነው። በ7ኛው የፎቶ ቤቷ ባለቤት 5ኛውን አረመች። የ4ኛውን ምሳሌ ይዛ፣ ሪራፕ ጆንያ መለወጥ እንጂ እህሉን መንካት አይደለም አለች፤ እህሉን የማይፈጭ ወፍጮ በአዲስ ጆንያም ቢመጣለት አይፈጨውም። ስለዚህ መፈጨት፣ ማለትም ትራንስኮድ መደረግ (ወደ ሌላ ኮዴክ መለወጥ) አለበት። ደንበኛው የሚፈልገው ፉል ኤች ዲ ከሆነ ፕሮሬስ 422 ወደሚባለው ለኤዲቲንግ የሚመች ኮዴክ በ1920 በ1080 ቢለውጠው በ25 ፍሬም 122 ሜጋቢት፣ በሰዓት 55 ጊጋ አካባቢ ይሆንለታል። ሶፍትዌሩ ፕሮሬስንም እምቢ ካለ የመጨረሻው አማራጭ 8 ቢት ኤች 264 በ50 ሜጋቢት ነው። ነገር ግን የተቀረጸው በኤስ ሎግ 3 ከሆነ፣ ማለትም ምስሉ አመድ ለብሶ የሚታይ ከሆነ፣ ወደ 8 ቢት ከመውረዱ በፊት ላት በሚባለው የቀለም መለወጫ ፋይል ወደ መደበኛ ቀለም መመለስ አለበት። ሎጉ ወደ 8 ቢት ከወረደ በኋላ ቀለሙ ሲሳብ ሰማዩና የአዳራሹ ግድግዳ ላይ መስመር መስመር ይወጣል። እዚህ ላይ አስረግጣ የነገረችው ኦሪጅናሉ እንዳይነካ ነው፤ ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንም።

8ኛ መልስ

የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። የጻፉት ለረጅም ዘመን በቴሌቪዥን ካሜራማንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ የደሴ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። ጋሼ ስለ ሶኒው አንድም ቃል አላነሱም። ያሳሰባቸው ሌላው ሁሉ የዘለለው የፓናሶኒኩ ድምፅ ነበር። ፒ ቱ ካርድ ላይ ኮንቴንትስ የሚባል ፎልደር አለ፤ በውስጡም ቪዲዮ፣ ኦዲዮ፣ ክሊፕ፣ አይከን፣ ፕሮክሲና ቮይስ የሚባሉ ፎልደሮች ይገኛሉ። ካሜራው ምስሉን በቪዲዮ፣ ድምፁን በኦዲዮ ፎልደር ለየብቻ ያስቀምጣል፤ ሁለቱን የሚያስተሳስረው በክሊፕ ፎልደር ያለው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስለዚህ ልጁ የያዘው የተበላሸ ፋይል ሳይሆን ግማሹ የቀረ ፋይል ነው።

ጋሼ የጠየቁት ሁለት ነገር ነው። የተሰጠው ሙሉው ኮንቴንትስ ነው ወይስ ቪዲዮ የሚለው ፎልደር ብቻ? ካርዶቹስ አሁን የት ናቸው? በካሴት ዘመን ኦሪጅናሉ ካሴቱ ራሱ ስለነበር መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንደነበር፣ ካርድ ግን ለሚቀጥለው ሥራ ሲባል በማግስቱ እንደሚጠረግ አስታወሱ። መልስ ከመጻፉ በፊት ለካሜራማኑ እንዲደውልም አዘዙት። ሌሎቻችን ስለ ኮዴክ ስናወራ ጊዜ የማይሰጠውን ነገር ያዩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

9ኛ መልስ

ጋሼ የፈሩት ሆኖ ተገኘ። ሃርድ ዲስኩ ስለጠበበ ካሜራማኑ የገለበጠው ትልልቆቹን ፋይሎች ብቻ ነው፤ ኦዲዮ ፎልደር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ስለሆኑ ቁም ነገር አልመሰሉትም። ስልኩ አይነሳም፤ ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ሌላ ሰርግ እንዳለው ልጁ ያውቃል። በፓናሶኒኩ ሁለተኛ ቻናል፣ በገመድ አልባው ማይክ የተቀዳው ደግሞ የሙሽሪት አያት በኒካው ላይ ያደረጉት ምርቃት ነው። ወሎ ውስጥ የሽማግሌ ምርቃት በሰርግ ላይ ምን እንደሆነ ለዚህ መድረክ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሙሽሮቹ ከጭፈራው ሁሉ በላይ የሚቀርላቸው እሱ ነው።

ከ10ኛ እስከ 13ኛ መልስ

እዚህ ላይ አነጋገሩ ከረረ። 10ኛው ካሜራማኑን ሙያ የማያውቅ ብሎ አዋረደው፣ ገንዘቡም እንዲመለስ ጠየቀ። 11ኛው ራሱ የኮምቦልቻ ካሜራማን ነው፤ ተቆጥቶ መለሰ። ደንበኛው የካሜራ ኪራይ ላይ ብር በብር ሲከራከር ለሃርድ ዲስክ የሚከፍል ማንም የለም፤ 64 ጊጋ የፒ ቱ ካርድ በ100 ሜጋቢት አቀራረጽ 64 ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ካርድ ሳይጠርጉ መሥራት የሚችለው ሀብታም ነው። ቁጣው ቢበዛም በዚህ ነጥብ ከ11ኛው ጋር ነኝ። 12ኛው ወደ ኪራይ ዋጋ ወሰደውና ነገሩ ተንዛዛ። 13ኛው ጨርሶ ሌላ ነው፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጉም አነሳ። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወረድ ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ እርጥበት ያዝላል፣ ስለዚህ ካሜራው ከቦርሳው ሳይወጣ ሙቀቱን እስኪለምድ ይቆይ። ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ያንን መንገድ ለሚመላለስ ሁሉ ይጠቅማል።

14ኛ መልስ

ልጁ ስልክ መጠበቁን ትቶ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርዶ ነበር። ከሦስቱ የፒ ቱ ካርዶች ሁለቱ እንዳሉ አገኛቸው፣ ሙሉውን ኮንቴንትስ ገለበጠ። ሦስተኛው ተጠርጎ ሌላ ሥራ ተቀርጾበታል፤ የእሱ ድምፅ ጠፍቷል። የአያትየው ምርቃት ሁለተኛው ካርድ ላይ ነበር።

ከዚህ መልስ ሥር የተደረደረውን ደስታ ሁሉ አልዘረዝርም። እኔም ከደስተኞቹ አንዱ ነበርኩ።

15ኛና 16ኛ መልስ

ጋሼ ድምፁን ከምስሉ እንዴት እንደሚያገናኝ አስረዱ። የቪዲዮው ፋይል ስም ስድስት ፊደልና ቁጥር ነው፤ የድምፆቹ ስም ያው ስድስቱ ሆኖ መጨረሻው ላይ 00፣ 01፣ 02 እና 03 እየተባለ ቻናሉ ይጨመርበታል። ፕሪሚየርን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሙሉውን ፎልደር ሲሰጧቸው ራሳቸው ያገናኙታል። የሌለው ሰው ድምፆቹን ዌቭ ወደሚባለው የተለመደ የድምፅ ፋይል ለውጦ ከምስሉ ጋር ከአንድ ነጥብ ቢያስነሳቸው ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ይገጥማሉ። ካርዱ የሚጠቀመው የፋይል ሥርዓት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ እንዲያልፍ ስለማይፈቅድ ረጅም ቀረጻ በየአምስት ደቂቃው ገደማ ይቆረጣል፤ ቁራጮቹ የተለያዩ ቀረጻዎች እንዳይመስሉት አስጠነቀቁት። ለጠፋው ለሦስተኛው ካርድ የፎቶ ቤቷ ባለቤት በ16ኛው መፍትሔ አመጣች። በዚያ ሰዓት ሶኒውም ይቀርጽ ስለነበር የእሱን ድምፅ በፓናሶኒኩ ምስል ላይ ማስኬድ ይቻላል፤ ምስሉ ድምፅ ስለሌለው ግን ፕሮግራሙ በራሱ ሊያገጥመው አይችልም። ጭብጨባ ወይም የአፍ እንቅስቃሴ ተፈልጎ በእጅ ይገጠማል።

17ኛና 18ኛ መልስ

17ኛው ለምን በ30 ፍሬም አልተቀረጸም፣ ስልክ ሁሉ 30 ነው የሚል ነቀፋ ይዞ መጣ። 18ኛው፣ ያው ተቆጥቶ የነበረው የኮምቦልቻ ካሜራማን፣ አሁን በረጋ መንፈስ መለሰለት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአዳራሽ የዱላ መብራት ሥር በ30 ፍሬምና በ60ኛ ሰከንድ ሸተር (የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት) የተቀረጸ ምስል ይርገበገባል፤ 25 ፍሬም ከ50ኛ ሰከንድ ሸተር ጋር ከመብራቱ ጋር ይስማማል። በ30 ለሚቀርጽ ሸተሩን ወደ 50ኛ ወይም 100ኛ ሰከንድ ማምጣት ይረዳዋል። የቴሌቪዥን ሥርዓታችንም ከጥንት 25 ነው። ሰውየው ተናዶ የጻፈውን ብቻ አንብቦ ያለፈ ይህን ያህል እንደሚያውቅ አያይለትም ነበር።

19ኛና 20ኛ መልስ

19ኛው ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መቆለፊያው ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ ፕሪሚየር በፍላሽ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። የኢንስቲትዩቱ ወጣት በ20ኛው አልማረውም። ከማይታወቅ እጅ የመጣ ክራክ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ይዞ ሲገባ የሚጠፋው የልጁ ፋይል ሳይሆን የሰው ሰርግ ነው። ነፃና ሕጋዊ ሞልቶ ሳለ ለምን? ኬደንላይቭና ሾትከት የሚባሉት የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ መፍቻ ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ኤም ኤክስ ኤፍን ያነባሉ። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ እስከ 3840 በ2160 ያወጣል፤ ግን ደህና ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፣ የሊኑክሱ ነፃ ቅጂ ደግሞ ኤች 264ን አይከፍትም። ከወጣቱ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ጠንከር ብሎ መናገሩም ተገቢ ነበር።

21ኛና 22ኛ መልስ

ልጁ የሶኒውን ፋይል ፈጭቶ አስገባ፤ ምስሉ መጣ፣ ድምፁ ግን የአዳራሹ ጫጫታ ብቻ ሆነበት። 22ኛው፣ ከዚህ በፊት ያልታየ የደሴ ድምፅ ባለሙያ፣ ምክንያቱን ነገረው። ፕሮ ካሜራ ድምፁን ነጠላ ነጠላ በሆኑ ቻናሎች ይይዛል፤ ለቤት የተሠራ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ያነሳል። አንደኛው ቻናል የካሜራው ማይክ ከሆነ፣ ከሚክሰሩ የመጣው ንጹሕ ድምፅ ሁለተኛው ላይ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ ከመፍጨቱ በፊት አራቱንም በሄድፎን ለየብቻ ሰምቶ የሚፈልገውን ይምረጥ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲቆም እፈልጋለሁ፤ ንጹሕ ድምፅ ፋይሉ ውስጥ እያለ ሳይሰማ፣ በጫጫታ የተሞላ ሰርግ ለደንበኛ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

23ኛ መልስ

መብራት በየጊዜው ለሚሄድበት ሰው የተጻፈ ነው። ሁሉንም በአንድ ረጅም ታይምላይን ደርድሮ ከመለወጥ ክሊፕ በክሊፕ በተራ ማስለወጥ፤ መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው በሂደት ላይ ያለው ክሊፕ ብቻ ይሆናል።

24ኛ መልስ

የአዲስ አበባው ሰው ተመለሰ። ይቅርታም አልጠየቀ፣ ያለውንም አልደገመ። የጨመረው ግን ዋጋ ያለው ነው። ልጁ ለደንበኛው ፉል ኤች ዲ ቢያስረክብም የሶኒውን ኤክስ ዲ ሩት የሚባለውን የካርዱን ዋና ፎልደር ከነአወቃቀሩ ያስቀምጥ፤ ከውስጡ ክሊፖቹን ብቻ እየመረጠ አያውጣ። አንድ ቀን ቤተሰቡ ፎር ኬ ቢጠይቅ የሚመለሰው ወደዚያ ነው።

25ኛ መልስ

ጠያቂው ሥራውን ማስረከቡን ነገረን። ያለ አዲስ ላፕቶፕ፣ በዚያው በለመደው ሶፍትዌር። የሶኒውን በላት ቀለሙን መልሶ ወደ ፉል ኤች ዲ ለውጦ፣ የፓናሶኒኩን ድምፅ በፋይል ስም አገናኝቶ ነው የጨረሰው። የሦስተኛው ካርድ ክፍል ጥቂት ቦታ ላይ ድምፁ ከአፍ እንደሚቀድም ተናግሯል፤ እነዚያን ቦታዎች በእንግዶቹ ምስል ሸፍኗቸዋል። መነሻው ላይ የጻፈውን ድምዳሜ ግን አላነሳውም፤ ቢያነሳው ደስ ባለኝ።

26ኛ መልስ

የሮቢት ነዋሪ የሆነች ሴት የአባቷን ሚኒ ዲቪ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ማስገባት እንደምትፈልግ ጠየቀች። ጋሼ ፋየርዋየር መግቢያ ያለው ኮምፒውተርና የሚሠራ ካሜራ እንደሚያስፈልግ፣ በሰዓትም 13 ጊጋ ገደማ እንደሚወስድ መልሰው፣ በሌላ ክር እንድታነሳው ጠቆሟት።

27ኛና 28ኛ መልስ

የፎቶ ቤቷ ባለቤት በሰርግ ውል ላይ ሁለት ነገር እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበች፦ የሃርድ ዲስክ ዋጋ ለብቻው ተጠቅሶ በደንበኛው ይከፈል፣ ኤዲተሩ ድምፁንም ምስሉንም ከፍቶ አይቻለሁ ብሎ እስኪደውል ድረስ ማንኛውም ካርድ አይጠረግ። የኮምቦልቻው ካሜራማን ሁለተኛውን ወዲያው ተቀበለ። የመጀመሪያውን ግን ደንበኛው ፊት ማን እንደሚያነሳው ጠይቋል፤ መልስ የሰጠው እስካሁን የለም።